ያልተጠረገው ጥግ፦ ለቅጠል ገልባጯ የተሠራ ሥራ ማስታወሻ

መጋቢት 24፣ ደብረ ማርቆስ

እህቴ የምትኖረው ስቶክሆልም ነው። ዛሬ ማለዳ በቴሌግራም አጭር ቪዲዮ ላከችልኝ። አንድ ጥቁር ወፍ ጣሪያ ጫፍ ላይ ቆሞ ይዘምራል። ምንቃሩ ብርቱካንማ ቢጫ ነው፣ ዓይኑንም እንደዚያው ያለ ቀለበት ከቦታል። ስዊድኖች ኮልትራስት ይሉታል፣ ብሔራዊ ወፋቸው ነው። ከቪዲዮው በታች በድምፅ «ይሄ እኮ የኛዋ ቅጠል ገልባጭ ናት፣ ቀለሙ ብቻ ነው የተለየ» ብላ ላከችልኝ።

እውነቷን ነው። ጥቁሩ ወፍ እዚህ አገር የለም። የሚገኘው አውሮፓ፣ ሰሜን አፍሪካና ምዕራብ እስያ ነው፣ በሰው እጅ ተወስዶ ደግሞ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ገብቷል። የቅርብ ዘመዱ ግን እኛ ደጋ ውስጥ አለች። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ እንደ ሸክላ የቀላ፣ ምንቃሯ ብርቱካንማ። በሳይንስ ስማቸው እሱ ቱርደስ ሜሩላ ነው፣ እሷ ቱርደስ አቢሲኒከስ። የፊተኛው ስም አንድ የሆነው የአንድ ወገን ልጆች ስለሆኑ ነው። የጥቁሩ ሴቷ ራሷ ጥቁር አይደለችም፣ ቡናማ ናት። የኛዎቹ ግን ወንዱም ሴቷም አንድ መልክ ናቸው። እኛ ቤት ከልጅነታችን ጀምሮ «ቅጠል ገልባጯ» ነው የምንላት፣ ምክንያቱም ሥራዋ እሱ ነው። የወደቀ ቅጠል በምንቃሯ አንስታ ወደ ጎን ትወረውራለች፣ ከስሩ ያለውን ታያለች፣ ቀጣዩን ታነሳለች።

ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ካየሁት በኋላ ነው ያሰብኩት። የኛዋን መጨረሻ ያየኋት መቼ ነው? ያለፈው ክረምት መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ አላየኋትም። ቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ግን ጠዋት ጠዋት ድምጿ ይሰማል። ስለዚህ አልጠፋችም። እኛ ጋ የምትመጣበት ምክንያት ነው የጠፋው።

መጋቢት 27

ቅዳሜ ስለሆነ ግቢውን እንደ እሷ ሆኜ ልየው ብዬ ዞርኩ። የድሮው አጥራችን ሰንሰልና ቀጋ ነበር፣ ውስጥ ውስጡን ደግሞ ቀንጠፋ የተጠላለፈበት። ሁለት ዓመት ሆነው በቆርቆሮ ከተተካ። ቆርቆሮ ሌባ ይከለክላል፣ ወፍ ግን አያስጠጋም። የቀረው ጓሮ ጥግ ላይ ያሉት ሦስት ትልልቅ የጌሾ ዛፎች፣ አንድ ግራዋና አንዲት ብሳና ናቸው። የቀረው መሬት ሁሉ ንጹሕ ነው። እማዬ ጎህ ሲቀድ ተነስታ በችፍርግ መጥረጊያ ከበሩ እስከ ጓሮ ትጠርገዋለች። ቅጠሉ ተሰብስቦ ይቃጠላል። ያደግንበት ነው፣ የተጠረገ ደጅ የባለቤቱ ክብር ነው።

አካፋ አምጥቼ ሁለት ቦታ ቆፈርኩ፣ ሁለቱም ክንድ በክንድ የሚሆኑ፣ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያላቸው። የተጠረገው ሜዳ ላይ አንድም የምድር ትል የለም፣ አፈሩ እንደ ጡብ ደርቋል። ጌሾው ስር፣ መጥረጊያው በደንብ የማይደርስበት ቦታ፣ አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ ነው፣ አራት ትል አገኘሁ። በበጋ መጨረሻ አራት ትል ቀላል አይደለም። ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገኝም። መጥረጊያውን አንድ ጥግ ላይ ማስቆም አለብኝ።

መጋቢት 28

ከእማዬ ጋር ተነጋገርን። ቀላል አልነበረም። «ያልተጠረገ ደጅ ሰው የሌለበት ቤት ይመስላል» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «እባብ ይገባበታል» አለች። ይሄኛው ተገቢ ስጋት ነው፣ ልጆች ያሉበት ግቢ ነው። ስለዚህ ተስማማን፦ ከቤቱ በር የራቀው የጌሾው ጥግ ብቻ ይተዋል፣ ቅጠሉ አይከመርም፣ ከአራት ጣት በላይ አይወፍርም፣ ድንጋይም እንጨትም አይቆለልበትም። ወሰኑ የት እንደሆነ እንዲታወቅ ነጭ ድንጋይ ደረደርኩ። ከድንጋዩ ወዲህ የእሷ ነው፣ ከድንጋዩ ወዲያ የወፏ።

ሚያዝያ 6

ስህተት ሠርቻለሁ፣ እጽፈዋለሁ። ጥጉን ቶሎ ለመሸፈን ጎረቤት ከቆረጡት ባሕር ዛፍ ሁለት ጆንያ ቅጠል አምጥቼ አፍስሼ ነበር። ዛሬ ሳየው እንደመጣ ነው ያለው። የባሕር ዛፍ ቅጠል በቀላሉ አይበሰብስም፣ ዘይቱም ትሉን አያስጠጋውም። ባሕር ዛፍ ስር ሣር እንኳ እንደ ልቡ የማይበቅልበትን አገር ተወልጄ እያደግሁ እንዴት እንዳላሰብኩት። ሙሉውን አውጥቼ ለማገዶ ሰጠሁት። በምትኩ የብሳና፣ የግራዋና የጌሾ ቅጠል በተንኩ። ብሳና በተለይ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ገበሬው ማሳው መሃል የሚተወው በከንቱ አይደለም።

ሚያዝያ 11

ውሃ። ጓሮ የተጣለ የተሰበረ እንስራ ነበር። ታችኛው ክፍል ደህና ነው፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኗል። አፈሩን ትንሽ ጎድጎድ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ እንዳይናወጥ በሦስት ጉልቻ ደገፍኩት። ጥልቀቱ ሁለት ጣት ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ለመታጠብ ይፈራሉ። መሃሉ ላይ ሻካራ ድንጋይ አደረግኩ፣ መቆሚያ እንዲሆን። ሸክላው ራሱ ሻካራ ስለሆነ እግራቸው አይንሸራተትም። ከፕላስቲክ ሳህን የሚሻለው ለዚህ ነው።

ቦታው ላይ ብዙ አሰብኩ። ቁጥቋጦው ስር ከሆነ ድመት አድፍጣ ትይዛቸዋለች። ሜዳ መሃል ከሆነ ጭልፊት አለ። ከጌሾው ሦስት እርምጃ ያህል አራቅሁት፣ ዙሪያው ግልጽ ሆኖ ግን ሲደነግጡ ዘለው የሚገቡበት ቅጠል አለ።

ውሃውን በየሁለት ቀኑ ደፍቼ፣ በቡሩሽ ፈትጌ አድሳለሁ። አንደኛ በኩሳቸው ይቆሽሻል። ሁለተኛ ትንኝ ይፈላበታል። እህቴ እንደነገረችኝ እ.ኤ.አ. በ2001 ቪየና አካባቢ ጥቁሮቹ ወፎች በብዛት ሞተው ነበር፣ ምክንያቱ ኡሱቱ የሚባል ቫይረስ ነው፣ የሚያስተላልፈው ደግሞ ትንኝ። ቫይረሱ መጀመሪያ የታወቀው በደቡባዊ አፍሪካ ነው፣ ስሙም የዚያ ወንዝ ስም ነው። አንድ ጣሳ ውሃ መድፋት ምን ይከብዳል።

ሚያዝያ 19

መጀመሪያ የመጣችው እሷ አይደለችም። ድንቢጦች መጡ፣ ቀጥሎ ዋኖስ። ዋኖሷ ምንቃሯን ውሃው ውስጥ ከትታ ቀና ሳትል ትጠጣለች። ሌሎቹ ጎንጨት አድርገው አንገታቸውን ወደ ሰማይ ያነሳሉ። ይህን ስንት ዓመት ኖሬ ዛሬ ነው ያየሁት።

ግንቦት 2

ዝናብ ጣለ። ደህና ዝናብ። ማታ ላይ ባትሪ ይዤ ጥጉን አየሁት፣ ትል ከቅጠሉ ስር ወጥቶ ያብረቀርቃል።

ግንቦት 3

መጣች!

ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፣ እማዬ ገና አልወጣችም። በመስኮት ነው ያየኋት። ከቆርቆሮው ላይ ወደ ግራዋው፣ ከግራዋው ወደ መሬት። አምስት ስድስት እርምጃ ሮጠች፣ ቆመች። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረገች። ዓይኖቿ ያሉት በጎንና በጎን ስለሆነ መሬቱን ልብ ብላ ለማየት አንዱን ዓይን ወደ ታች ማዞር አለባት። ዘመዷ የሆነው የአሜሪካው ሮቢን ደግሞ ትሉን በጆሮው ጭምር እንደሚያገኘው ተፈትኖ ታይቷል። ምናልባት የኛዋም ትሰማ ይሆናል ብዬ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ምንቃሯን ሰካች። ትሉ ግማሹ መሬት ውስጥ ነው፣ አይለቅም። እሷ በአንዴ አልጎተተችውም፣ እግሯን አጽንታ ወደ ኋላ ተደግፋ ጠበቀች፣ ላላ ሲል ሳብ፣ ሲጠብቅ ቆም፣ ላላ ሲል ሳብ። ሳይበጠስ ሙሉውን አወጣችው። መሬት ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርጋ ዋጠችው። ከዚያ ቅጠል መገልበጥ ጀመረች።

ለእህቴ ደወልኩ። እዚያ ገና ማለዳ ነበር ለካ፣ ቀሰቀስኳት። ደስ አላት።

ግንቦት 9

ጎመናችን ላይ ቅማል ወጣ። ድሮ ቢሆን ገበያ ወርጄ ማላታይን ገዝቼ እረጭ ነበር። ዘንድሮ አልረጭም። መድኃኒቱ ቅማሉን ብቻ መርጦ አይገድልም፣ ትሉንም ጥንዚዛውንም ይጨርሳል፣ የተመረዘውን ወፏ ትበላዋለች። አመድ ነሰነስኩ፣ በማግስቱ በሳሙና ውሃ አጠብኩት። በጣም የባሰውን ቅጠል ቆርጬ ጣልኩ። ጎመኑ እንደ ገበያ ጎመን አልሆነም፣ ግን ይበላል። የጎመኑን ግንድ በሌሊት እየቆረጠ የሚጥለው ትል ግን ቀንሷል፣ ጠዋት ጠዋት መደቡ መሃል የምትዞረው ማን እንደሆነች አይቻለሁ።

ሰኔ 12

የመትከያ ቀን። ከችግኝ ጣቢያ ሰባት አጋም አመጣሁ፣ ሦስት ቀጋ ደግሞ ከገጠር ዘመድ ተላከልን። ሁሉንም የቆርቆሮውን አጥር ተከትዬ ተከልኩ፣ ቆርቆሮው ሌባውን ይጠብቅ፣ አጋሙ ወፉን። አጋም እሾኹ ድመት አያስገባም፣ ፍሬው ለልጆችም ለወፍም ይሆናል። እንጆሪም አሰብኩ፣ የኛውን የዱሩን ማለቴ ነው፣ ግን መሬቱን ሁሉ ስለሚወር ተውኩት። ቦታ ያለው ይትከለው።

ስቆፍር አንድ ነገር አገኘሁ። ከድሮው የአጥር እንጨት ስር አንዲት የወይራ ቡቃያ በቅላለች፣ ጣት ታህላለች። በአቅራቢያ ያለው ወይራ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ነው። ማን አመጣት? ወፍ ናት። ፍሬውን እዚያ ትበላለች፣ ዘሩን እዚህ አጥር ላይ ቁጭ ብላ ትጥላለች። ጎጃም ውስጥ የቀረው የአገር በቀል ዛፍ አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው ያለው፣ በየኮረብታው አንድ አንድ አረንጓዴ ክብ፣ መሃሉ እርሻ። ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ዘር የሚያሻግረው እንግዲህ እንደዚህ ያለ ፍጥረት ነው። ቡቃያዋን እዛው ተውኳት፣ ዙሪያዋን በእንጨት አጠርኩላት።

ሰኔ 20

ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ የሷ ሌላ ዘመድ አለ፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ደረቱ ነጣ ያለ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የፈሰሰበት፣ ቀጥ ብሎ እንደ ወታደር የሚቆም። እሱ ግልጽ ሣር ነው የሚወደው፣ ቁጥቋጦ ውስጥ አይገባም። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1837 የሳይንስ ስም ሲሰጠው ሲሜንሲስ ብሎታል፣ ከስሜን ተራራ። የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ሣሩ እንዳይታረስ፣ መድኃኒት እንዳይረጭበት ነው፣ ሌላ ምንም።

ሐምሌ 2

ጭቃ እየወሰደች ነው። እንስራው ዳር ውሃ የሚፈስበት ቦታ ረግረግ ብሏል፣ ከዚያ በአፏ ሙሉ ይዛ ወደ መሃለኛው ጌሾ ትገባለች። ሣር፣ የዛፍ ሽበት፣ ቀጫጭን ሥር። ጎጆዋ ከእኔ ቁመት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጌሾው ቅጠሉን ጥቅጥቅ አድርጎ ስለሸፈነው ቦታውን ካላወቁት አይታይም። ልጆቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። መጠጋት የለም፣ መነካካት የለም፣ ስልክ ይዞ መውጣት የለም። የወፍ እናት ስትሸበር እንቁላሏን ጥላ ልትሄድ ትችላለች፣ የእኛ ዱካ ደግሞ ለቁራም ለድመትም መንገድ ያሳያል።

ሐምሌ 10

ተኝታበታለች። ለደቂቃ ስትወጣ አንድ ጊዜ ብቻ አጮልቄ አየሁ። ሁለት እንቁላል፣ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ቡናማ ጠቃጠቆ ያለበት። ከዚያ ወዲህ አልተጠጋሁም። ጥቁሮቹ ከሦስት እስከ አምስት ይጥላሉ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይታቀፋሉ።

ሐምሌ 19

ትልቁ ጉዳይ ዛሬ መጣ። እማዬ ለቡሄ ጠላ ጌሾ መቀንጠስ አለባት። በየዓመቱ ከነዚህ ከሦስቱ ዛፎች ነው የምትወስደው፣ የሰው ጌሾ አትወድም። ቅጠሉ ከተገፈፈ ደግሞ ጎጆው ራቁቱን ይቀራል። ምን እንደምላት ጨነቀኝ። ወስጄ በሩቁ አሳየኋት። እናትየዋ በዶፍ ዝናብ ክንፏን ዘርግታ ተኝታለች፣ ውሃው በጀርባዋ ላይ ይንጠባጠባል፣ አትንቀሳቀስም። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። «እሷስ አራስ አይደለችም?» አለች። ጌሾ ከገበያ ተገዛ።

ሐምሌ 24

ተፈልፍለዋል። የእንቁላል ቅርፊት ግማሹን ሜዳ ላይ ጥላው አየሁ። አሁን አባትየውም ይመላለሳል። ትል፣ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ትል።

ነሐሴ 4

ፍልሰታ ገብቷል። አንድ ያላሰብኩት ነገር፦ እማዬ በጨለማ ለኪዳን ስለምትወጣ ግቢው የሚጠረገው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ያንን አንድ ሰዓት ወፎቹ ሙሉ ግቢውን ይዘውታል። ከነጭ ድንጋዩ ወዲህም ሌሊቱን የወደቀውን ቅጠል እየገለበጡ ይዞራሉ። ያለ ምንም ወጪ፣ መጥረጊያው አንድ ሰዓት በመዘግየቱ ብቻ። ከጾሙ በኋላም እንዲህ ቢሆን ብዬ እጠይቃታለሁ።

ነሐሴ 10

ጫጩቶቹ ወጡ። መብረር ግን አይችሉም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፦ የነዚህ ወፎች ልጆች ክንፋቸው ሳይጠና ነው ከጎጆ የሚወጡት፣ ቀናት መሬት ላይና ቁጥቋጦ ውስጥ ይከርማሉ። የተጣሉ ይመስላሉ፣ አልተጣሉም። እናትና አባት ያሉበትን ያውቃሉ፣ ያጎርሷቸዋል። ስለዚህ ደረቱ ጠቃጠቆ፣ ጭራው አጭር፣ አፉን ከፍቶ የሚጮህ ጫጩት ካያችሁ አንስታችሁ ቤት አታስገቡት። ድመት ካለ ብቻ ቅርብ ወዳለ ቁጥቋጦ አስገብታችሁ ሂዱ።

ድመት አለ። የጎረቤታችን ነው። ሄጄ «እማማ፣ እባክዎን ለአሥር ቀን ጠዋትና ማታ ቤት ያዙልኝ» አልኳቸው። አይጥ የሚይዝላቸው እሱ ስለሆነ ቅር አላቸው፣ ግን እሺ አሉ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ከሳምንት በፊት ጀምሮ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ እያጮሁ ነው፣ ትናንት ማታ ደግሞ ችቦ። ወፎቹ በእያንዳንዱ ጩኸት ይደነብራሉ። ጠዋት ሆያ ሆዬ ሊሉ የመጡትን ልጆች በር ላይ ተቀበልኳቸው፣ ጓሮ እንዳይገቡ ለምኜ ምክንያቱን ነገርኳቸው። ሙልሙሉን ከወሰዱ በኋላ አንዱ ትንሽ ልጅ ወደ ኋላ ቀርቶ «ጋሼ፣ በቀዳዳ ልየው?» አለኝ። አሳየሁት። ጅራፉን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ አድርጎ ነው የሄደው።

ነሐሴ 15

አንዱ ጫጩት የለም። ማታ ከባድ በረዶ ጥሎ ነበር፣ ጠዋት አጋሙ ስር ሞቶ አገኘሁት። አጋሞቹ ገና ጉልበት ድረስ ናቸው፣ ምን ሊከልሉት። የድሮው የቀጋ አጥር ቢኖር ከስሩ ይገባ ነበር። በጣም አዘንኩ። ወይራዋ አጠገብ ቀበርኩት።

ነሐሴ 22

ሁለተኛው ቆርቆሮው ላይ ወጣ። በራሱ ክንፍ።

መስከረም 8

እህቴ ጋ ተነጋገርን። ጥቁሩ ወፍ ድሮ ደን ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ዓይናፋር ወፍ ነበር። ወደ ከተማ አትክልት ስፍራ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እርጥብ ሣር፣ ቁጥቋጦና ትል አገኘ፣ ቀረ። አሁን ጎረቤቶቿ በብርዱ ወቅት የተቆረጠ ፖምና ዘቢብ መሬት ላይ ያስቀምጡለታል፣ ከአጥራቸው ስር ያለውን ቅጠል አይጠርጉም። እኔም በጋው ሲጠና ከመጠን በላይ የበሰለ ፓፓያና ኮክ ጥጉ ላይ ላደርግ ነው። ዳቦና ጨው የገባበት ትርፍራፊ አልሰጥም።

ጥቅምት 5

የአጋሙ ቆጠራ፦ ከሰባቱ አምስቱ ይዘዋል፣ ከቀጋው ሁለቱ። በጋውን በሳምንት ሁለት ቀን ማጠጣት አለብኝ። የጌሾው ፍሬ እየቀላ ነው። እንስራው ጎኑ ላይ ተሰንጥቋል፣ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ ወርጄ አዲስ አሠራለሁ፣ ሰፋ ያለ፣ ሁለት ጣት ጥልቀት።

እማዬ ዛሬ ጠዋት ስትጠርግ አየኋት። ነጩን ድንጋይ ሁለት እርምጃ ወደ ቤቱ አስጠግታዋለች።